አዲስ ላፕቶፕ፣ ምንም ሳይሠራበት ፋኑ ለምን ይጮሃል?

ጸጥታ_ፈላጊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከካርቶኑ ከወጣ ገና ሦስተኛ ቀኑ የሆነ ላፕቶፕ ነው። 15.6 ኢንች፣ ኮር አይ5 1235ዩ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ 11። ችግሩ ፋኑ ነው፤ ወይም ፋኑ ይመስለኛል። የሚሰማውን እንዳለ ልጻፈው።

አንድ ዶክመንትና ሁለት የብሮውዘር ታብ ብቻ ተከፍቶ ሽው ብሎ ይነሳል፣ 10 ሰከንድ ሳይሞላ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል። ትቼው ስነሳ ደግሞ ይብስበታል፤ ተመልሼ ማውሱን እንደነካሁት ዝም ይላል። በዚህ ላይ ፋኑ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ጊዜ የሆነ ነገር የሚጭረው ይመስል "ትርርርር" የሚል አለ። ፍጥነቱ ሲጨምር ይሄኛው በነፋሱ ይዋጣል።

የተቀመጠው ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጨርቅ ላይ አይደለም። የመመለሻው ጊዜ 14 ቀን ነው፣ 11 ቀን ይቀረኛል። ይመለስ ወይስ በሴቲንግ የሚስተካከል ነው? የታችኛውን ክዳን ፈትቼ ፋኑን ልየው የሚል ሐሳብም አለኝ።


ዋት_ቆጣሪ፦

ክዳኑን አትንኪው። መመለሻ ጊዜው ሳያልቅ የተፈታ ዕቃ ላይ ክርክር ይነሳል፤ አንድ የብሎን ጭንቅላት ከተላጠ ደግሞ ክርክሩም የለም። ሳይፈታ የሚታወቀው ብዙ ነው።

በመጀመሪያ "ፋን ጮኸ" የሚባለውን እንለየው፤ አንቺ የጻፍሽው አንድ ችግር አይደለም። ሽውታ የነፋስ ድምፅ ነው። ፋኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ሙቀቱ ከየት መጣ ነው፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። መጫር፣ መንቀጫቀጭ፣ ጥርርር ማለት የመነካካት ድምፅ ነው፤ የትኛውም ሴቲንግ አይፈታውም። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ ቀጭን የኤሌክትሪክ ፉጨት። እሱ ከፋኑ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ኮይሎች (የሽቦ ጥቅልሎች) የሚወጣ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ፋኑ ቆሞም ይሰማል፣ ረጅም ገጽ ወደ ታች ሲሳብ ድምፁ ከስክሪኑ እንቅስቃሴ ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ካንቺ አገላለጽ ይሄኛው የለም፣ እንለፈው።

አሁን ስለ ሽውታው ብቻ ላውራ፤ መጫሩን ሌላ ሰው ይመልስልሽ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነሽ ታስክ ማናጀርን ክፈቺ። ራሱ ሲከፈት ፕሮሰሰሩን ለአፍታ ስለሚያስነሳ 20 ሰከንድ ጠብቂው። ከዚያ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) የሚለውን ርዕስ ተጭነሽ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪው። አዲስ ማሽን ላይ ከላይ የሚመጡት የታወቁ ናቸው፦ አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል (ዲስኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈትሽ)፣ ዊንዶውስ ሞጁልስ ኢንስቶለር ወርከር (አፕዴት ሲጭንና ሲያጸዳ)፣ ሰርች ኢንዴክሰር (የፋይሎችሽን ማውጫ ሲሠራ) እና ፎቶና ዶክመንት ከኢንተርኔት ማከማቻ የሚያወርደው ፕሮግራም። እነዚህ ቫይረስ አይደሉም። አንድ ወይም ሁለት ቀን ሠርተው ያበቃሉ፣ ግን እንዲያበቁ ማሽኑ በርቶ መቆየት አለበት። ብዙ ሰው ድምፁ ሲያስጠላው ስክሪኑን አጥፎ ይዘጋዋል። ሥራው ይቋረጣል፣ ሲከፈት ካቆመበት ይቀጥላል፤ እንዲህ እያለ ሁለት ቀን የነበረው ሁለት ሳምንት ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቻርጀሩን ሰኪ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ገብተሽ "አፕ ቱ ዴት" እስኪል ደጋግመሽ ጫኚ፣ ሪስታርት ሲጠይቅ ፍቀጂለት፣ ከዚያ ስሊፕ እንዳይገባ አድርገሽ ስክሪኑን እንደተከፈተ 3 ወይም 4 ሰዓት ተዪው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ የሚል አለ፤ ከላይ "ኢንዴክሲንግ ኮምፕሊት" ብሎ ካልጻፈ ገና አልጨረሰም ማለት ነው።

እየተነሳ እየወረደ የሚለው ሽውታ ሌላ ምክንያት አለው። 1235ዩ መሠረታዊ ፍጆታው 15 ዋት ነው፣ ለአጭር ጊዜ ግን እስከ 55 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። አንድ ታብ ስትከፍቺ ትልልቆቹ ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይዘላሉ፤ ቺፑ ጥፍር የምታክል ስለሆነች ከ45 ዲግሪ ተነስታ 80 ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። ፋኑን የሚያዘው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ ነው፣ ዊንዶውስ አይደለም። ተቆጣጣሪው 80ን ያያል፣ ፋኑን ያስነሳል፤ ፋኑ ፍጥነቱን እስኪይዝ ቺፑ ቀዝቅዟል። ይወርዳል። ሌላ ታብ ትነኪያለሽ፣ እንደገና። የተበላሸ ነገር የለም፤ ችኩል ፕሮሰሰርና ችኩል ፋን ተጋብተው ነው።

ይሄ በሁለት መንገድ ይለዝባል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፓወር ኤንድ ባተሪ፣ ፓወር ሞድ፤ "ቤስት ፐርፎርማንስ" ላይ ከሆነ ወደ "ባላንስድ"፣ ካልበቃሽ ወደ "ቤስት ፓወር ኢፊሸንሲ" አውርጂው። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ቅጂዎች ላይ ለቻርጀርና ለባትሪ ለየብቻ ስለሚጠይቅ ሁለቱንም እዪ። ሁለተኛው የአምራቹ የራሱ ሁነታ ነው፤ የፋኑን ጠባይ በቀጥታ የሚቀይረው እሱ ነው። ብራንዱን አልጻፍሽም፤ በብዙ የሌኖቮ ሞዴሎች ኤፍኤንና ኪው፣ በብዙ የአሱስ ሞዴሎች ኤፍኤንና ኤፍ ይቀያይረዋል፤ ዴል ላይ በራሱ ማይ ዴል በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ "ክዋየት" የሚለውን መምረጥ ነው። ኤችፒ ከሆነ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ "ፋን ኦልዌይስ ኦን" የሚል ምርጫ ካለ እሱን ማጥፋት፤ በርቶ ከሆነ ቻርጀር ላይ እስካለ ድረስ ፋኑ ጨርሶ አይቆምም።

ይሄን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ግን ቁጥር ያዢ። ኤችደብልዩ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነሽ "ሴንሰርስ ኦንሊ" ላይ ክፈቺው፣ 10 ደቂቃ ምንም ሳትነኪው ተዪው፣ ከዚያ የሲፒዩ ፓኬጅ ሙቀት፣ የሲፒዩ ፓኬጅ ፓወር እና የፋን ዙር ዝቅተኛና ከፍተኛውን እዚህ ጻፊ። የፋን ዙር በአንዳንድ ላፕቶፕ ላይ አይታይም፣ ካጣሽው አትጨነቂ።


ባለ_አቋራጭ፦

ይሄን ሁሉ ምን አስለፋችሁ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ሴቲንግስ፣ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት፣ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት 100 የሚለውን 99 አድርጊው። ቱርቦ (ፕሮሰሰሩ ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚዘልበት) ይጠፋል፣ ፋኑም አብሮ። አለቀ።


ዋት_ቆጣሪ፦

ዘዴው ይሠራል፣ ግን ለየትኛው ፕሮሰሰር የሚለውን ሳትጠይቅ አታዝላት። 99 ሲሆን ቱርቦ ጠፍቶ ፕሮሰሰሩ መነሻ ፍጥነቱ ላይ ይቀራል። መነሻቸው 2.5 ጊጋኸርዝ የሆኑ የቆዩ ቺፖች ላይ ብዙም አይታወቅም። የ1235ዩ ትልልቅ ኮሮች መነሻ 1.3 ጊጋኸርዝ ነው። ከ4.4 ወደ 1.3 ማለት አዲስ ላፕቶፕ ከፍሎ አሮጌ መጠቀም ነው፤ ፋኑ ዝም ይላል፣ ታብ ሲከፈት ግን ሰውየው ይጮሃል። ለአንድ ስብሰባ ወይም ድምፅ ለሚቀዳበት ሰዓት ከሆነ ይሁን። በዚያ ላይ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ያ መስመር ብዙ ጊዜ ተደብቋል፣ ስትፈልጊው ላታገኚው ትችያለሽ።

እዚያው ገጽ ላይ "ሲስተም ኩሊንግ ፖሊሲ" የሚል ካየሽ፣ "አክቲቭ" ማለት መጀመሪያ ፋኑን አስነሳ፣ "ፓሲቭ" ማለት መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን አቀዝቅዝ ነው። ፋኑ በራሱ ተቆጣጣሪ በሚታዘዝበት ላፕቶፕ ላይ ግን ለውጡ እምብዛም አይሰማም።


ጸጥታ_ፈላጊዋ፦

አመሰግናለሁ። ቁጥሮቹ እነሆ፣ ገና ምንም ሳልቀይር። ሙቀት ዝቅተኛው 41፣ ከፍተኛው 83 ዲግሪ። ፓወር ከ3 ዋት እስከ 38 ዋት። ፋን ከ0 እስከ 3,400 ዙር በደቂቃ። ፓወር ሞድ "ቤስት ፐርፎርማንስ" ላይ ነበር። ታስክ ማናጀር ላይ አንቲማልዌር 24 በመቶ፣ ሞጁልስ ኢንስቶለር 15 በመቶ አካባቢ ይዘዋል። ኢንዴክሲንግ አልጨረሰም።

የገረመኝ፣ ትቼው ስነሳ ፋኑ ይነሳል፣ ተመልሼ ታስክ ማናጀርን ሳየው ግን ሁሉም ከ5 በመቶ በታች ነው። የሚደበቅ ነገር አለ እንዴ?


የሌሊት_ዘብ፦

የሚደበቅ የለም፣ የሚያፍር ነው። ዊንዶውስ ከባድ የጥገና ሥራዎችን ሰው እስኪነሳ ይጠብቅላቸዋል። ኪቦርድና ማውስ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነኩ "ሥራ ፈቷል" ብሎ ፍተሻውን፣ ማውጫውን፣ የአፕዴት ጽዳቱን ይጀምራል፤ ማውሱ እንደተነካ ያቆማል። የራሱ የጥገና ሰዓት ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ 2፡00 ኤኤም ብሎ የሚጽፈው ማለት ነው። በዚያን ሰዓት ማሽኑ ጠፍቶ ከነበረ ያመለጠውን ቀን ላይ ሥራ ስትፈቺ ያካክሳል።

እጅ ከፍንጅ ለመያዝ፣ ታስክ ማናጀር ላይ ፐርፎርማንስ ወደሚለው ገጽ ሂጂና ሲፒዩን መርጠሽ ተነሺ። ግራፉ ያለፈውን 60 ሰከንድ ይዞ ይቆያል። ፋኑ ሲጮህ ሰምተሽ ወዲያው ብትመለሺ፣ ማውሱን ሳትነኪ ስክሪኑን ብቻ እዪ፤ ተራራው እዚያው ይታያል። ማውሱን ስትነኪ ገደል ይገባል። የፕሮግራሙን ስም ከፈለግሽ ሪሶርስ ሞኒተርን ክፈቺ፤ እሱ ላይ የአንድ ደቂቃ አማካይ የሚያሳይ "አቬሬጅ ሲፒዩ" የሚል ዓምድ አለ፣ የሸሸውንም ትንሽ ያቆየዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፋብሪካው ጋር የሚመጣ የሙከራ አንቲቫይረስ ካለ አሁኑኑ አውጪው፤ ሲወጣ የዊንዶውሱ መከላከያ በራሱ ይበራል፣ ባዶ አትቀሪም። ስታርትአፕ ላይ ያለውንም (ማሽኑ ሲነሳ አብሮ የሚከፈተውን) አጥሪ። የኪቦርድ፣ የንክኪ ሰሌዳ፣ የድምፅና የአምራቹን የኃይል መቆጣጠሪያ ተዪ፤ የቀረውን፣ የጨዋታ መደብር፣ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ የስብሰባ ፕሮግራም፣ "ዲሴብል" አድርጊው። አይጠፋም፣ ስትፈልጊው ትከፍቺዋለሽ።


ካቻቢቴ፦

ስለ መጫሩ እኔ ልመልስ። ለኔ ከሽውታው ይልቅ ይሄ ነው የሚያሳስበው፤ ሽውታው ከሳምንት በኋላ ይረግባል፣ መጫሩ ከሳምንት በኋላ ይብሳል።

እስኪ ይሄን ልጠይቅሽ፦ ድምፁ ይቆጠራል? ፋኑ ቀስ ሲል 2,100 ዙር ቢሆን በሰከንድ 35 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር አንዴ የሚነካ ነገር ቢኖር በሰከንድ 35 ትክታ ይሆናል፤ ጆሮ ደግሞ በሰከንድ ከ20 በላይ የሆነውን ነጥሎ አይሰማም፣ "ትርርርር" ሆኖ ይያያዝበታል። ስለዚህ ተያይዞ የሚሰማ ከሆነ ከዙሩ ጋር የሚሄድ መነካካት ሊሆን ይችላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ የሚቆጠር ከሆነ ግን በየዙሩ የሚነካ ነገር አይደለም፤ ያኔ ሌላ ቦታ ነው የምንፈልገው። ለምሳሌ የድምፅ ቺፑ ኃይል ለመቆጠብ ሲተኛና ሲነቃ ስፒከሩ "ጡክ" ይላል፤ ይሄን ስንቱ ፋን ነው ብሎ ፋን አስቀይሯል።

የመዝጊያ ማረጋገጫው ፋኑ ሊቆም ሲል ነው። ዙሩ 300 ሲደርስ በሰከንድ 5 ብቻ ነው። "ትርርር... ትር ትር... ትክ... ትክ" እያለ እየተራራቀ ከቆመ፣ ነገሩ ከሚዞረው አካል ጋር የተያያዘ ነው፣ ጥርጥር የለውም።

እነዚህን አራት ነገሮች አድርጊ፣ ጠቅላላው 10 ደቂቃ አይፈጅም።

ከሥሩና ከጎኑ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች በባትሪ መብራት እዪ። የማሸጊያ ላስቲክ ወይም ቀጭን ፊልም ተረስቶ ቀዳዳው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ግማሹ ተላቅቆ ከሆነ ነፋሱ ያርገበግበዋል፣ ልክ እንደ መጫር ይሰማል። የዚህ ልዩነቱ ፍጥነት ሲጨምር መባሱ ነው፤ ያንቺ ስለሚጠፋ ብዙም አልጠረጥረውም፣ ግን ነፃ ፍተሻ ነው።

ፋኑ እየዞረ ላፕቶፑን በቀስታ አዘንብዪው፤ በቀኝ ጎኑ፣ በግራው፣ ስክሪኑ ተከፍቶ እንደ መጽሐፍ በቁሙ። በአንዱ አቋም ድምፁ ከጠፋ ወይም ከባሰ፣ ክብደቱ ሲዛወር የሚዞረው አካል ቦታው ላይ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው፤ ኩሽኔታው (የሚዞረው አካል የተያዘበት ክፍል) ላይ ክፍተት አለ ወይም የፋኑ ላባዎች ከቤቱ ጠርዝ ጋር ተቀራርበዋል። ያንቺው ኤስኤስዲ ስለሆነ ማዘንበሉ አይጎዳውም። የሚዞር ሃርድ ዲስክ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ይሄን ፍተሻ ማንም እንዳያደርገው።

ከኪቦርዱ በላይ ፋኑ ያለበትን ቦታ በአንድ ጣት፣ የቁልፍ ሰሌዳ በምትጫኚበት ጉልበት ብቻ፣ ጫን አድርጊው። ድምፁ ከተለወጠ ክዳኑ ወይም በላዩ የሚያልፍ ገመድ ነው የሚነካው። ጠንክረሽ አትጫኚ፤ ጤነኛውም ፋን ከተጫኑት ይነካል።

መጨረሻ ላይ ሪስታርት አድርገሽ ባዮስ ውስጥ ግቢና 5 ደቂቃ አዳምጪ። እዚያም የሚጫር ከሆነ ዊንዶውስ ከደሙ ንጹሕ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ባዮስ ውስጥ ፕሮሰሰሩ እንደ ዊንዶውስ አይተኛም፣ ስለዚህ ፋኑ መዞሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የምትሰሚው መዞሩን ሳይሆን መጫሩን ነው። ዴል ላይ ሲነሳ ኤፍ12 ተጭኖ ዲያግኖስቲክስ መምረጥ ፋኑን ራሱ በተለያየ ፍጥነት ያዞርልሻል።

የማይደረጉትንም ልጻፍ። የታመቀ አየር ቀዳዳው ውስጥ አትንፊ፤ ፋኑን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል፣ ኩሽኔታውም ያኔ ነው የሚበላሸው። ሦስት ቀን የሆነው ላፕቶፕ ውስጥ ደግሞ ምን አቧራ አለና። ዘይት ማንጠብጠብም እንዲሁ፣ ቪዲዮ ላይ ስታዪው ያምራል፣ ዘይቱ ግን በላባው ተረጭቶ አቧራ ሰብሳቢ ይሆናል። ፔስት (ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) መቀየርም አሁን ጉዳይሽ አይደለም፤ ከ41 ዲግሪ የሚጀምር፣ ሲጨናነቅ 83 ላይ የሚቆም ማሽን ፔስቱ ደህና ነው። የኢንቴል ላፕቶፕ ቺፖች አብዛኞቹ ራሳቸውን የሚያቀዘቅዙት 100 ዲግሪ ላይ ሲደርሱ ነው፣ ገና ሰፊ ቦታ አለው።


ሁለተኛ_ስክሪን፦

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። የኔም አዲስ ነው፣ ባለ ሁለት ግራፊክስ የጨዋታ ላፕቶፕ። ብቻውን ሲሆን ጸጥ ያለ ነው፤ የውጭ ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ስሰካበት ምንም ሳይከፈት ፋኑ ይነሳና አይወርድም። ከሞኒተሩ ምን አገናኘው?


ዋት_ቆጣሪ፦

ከገመዱ ነው። ብዙ የጨዋታ ላፕቶፖች ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው በቀጥታ ከትልቁ ግራፊክስ ካርድ ጋር ነው የተያያዘው። ሞኒተር ሲሰካበት ካርዱ መተኛት አይችልም፤ ባዶ ዴስክቶፕ ለማሳየት እንኳ ነቅቶ ይቀመጣል፣ ሙቀቱም የሚወጣው በዚያው ፋን ነው። ታስክ ማናጀር ፐርፎርማንስ ገጽ ላይ ጂፒዩ 1ን (ግራፊክስ ካርዱን) እየው፣ ሲነቀል ሙቀቱ ከወረደና ሲሰካ ከወጣ ይሄው ነው።

ዩኤስቢ ሲ ቀዳዳህ ስክሪን የሚያወጣ ከሆነ በእሱ ሞክር፤ በብዙ ሞዴሎች ከፕሮሰሰሩ ትንሽ ግራፊክስ ጋር የተያያዘው እሱ ነው፣ በሁሉም ግን አይደለም፣ መመሪያውን እይ። ካልሆነ የሞኒተሩን የማደሻ ፍጥነት ከ144 ወደ 60 ኸርዝ ማውረድ አንዳንዱ ካርድ ላይ የሰዓት ፍጥነቱን ያወርደዋል። ወጪ የለውም፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ጨዋታ ላይ ፉጨት ከሰማህ ደግሞ የፍሬም (በሰከንድ የሚሣሉ ምስሎች) ገደብ አድርግበት። የጨዋታ ማውጫ ገጾች ምንም የሚሣል ነገር ስለሌላቸው ካርዱ በሰከንድ ብዙ መቶ ፍሬም ያመርታል፣ ኮይሎቹም ያኔ ይዘፍናሉ። 60 ላይ ሲገታ ፉጨቱም አብሮ ይወርዳል።


ጸጥታ_ፈላጊዋ፦

ሁሉንም አደረግኩ። ሌሊቱን በርቶ አደረ፣ አፕዴቶቹ አለቁ፣ ኢንዴክሲንግ "ኮምፕሊት" ይላል። የሙከራውን አንቲቫይረስ አወጣሁት። ፓወር ሞድ "ባላንስድ" ላይ ነው። አሁን ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ሙቀቱ ከ39 እስከ 58፣ ፓወሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ዋት በታች፣ ፋኑም ብዙውን ሰዓት 0 ነው። ሽውታው የሚነሳው ቪዲዮ ስከፍት ነው።

መጫሩ ግን አልሄደም። አይቆጠርም፣ የተያያዘ ነው። ሊቆም ሲል ልክ እንደተባለው እየተራራቀ "ትክ... ትክ" ብሎ ያበቃል። በግራ ጎኑ ሳዘነብለው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ በቀኝ ሲሆን ይብሳል። በጣት ስጫነው ለውጥ የለም። ባዮስ ውስጥም አለ። ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈ ነገር የለም። ባዮስ አፕዴት አለ ይላል፣ ልጫነው?


የሌሊት_ዘብ፦

ቪዲዮው ቀላል ነው። ብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም በሚለው ሥር የግራፊክስ አክስለሬሽን መብራቱን እዪ። ቪዲዮ እየተጫወተ ታስክ ማናጀር ላይ ጂፒዩን ክፈቺ፤ "ቪዲዮ ዲኮድ" የሚለው ግራፍ ከተንቀሳቀሰ ሥራውን ግራፊክሱ ይዞታል። ዜሮ ላይ ተኝቶ ሲፒዩው 30 እና 40 በመቶ ከሆነ ቪዲዮውን ፕሮሰሰሩ በጉልበት እየፈታው ነው፤ የግራፊክሱን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከግራፊክሱ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ከአምራቹ ገጽ አውርደሽ ጫኚ፣ ብሮውዘሩን ዘግተሽ ክፈቺ።

የላፕቶፑን የኋላ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግም ይረዳል፤ አየሩን የሚስበው ከሥሩ ነው፣ እግሮቹ ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ናቸው። ማቀዝቀዣ ማስቀመጫ ገዝቶ በአንዱ ፋን ላይ ሁለት ፋን መጨመር ግን ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው አይመከርም።


ካቻቢቴ፦

አዘንብለሽው ጠፋ ካልሽ ነገሩ ተለይቷል። የሚዞረው አካል ኩሽኔታው ውስጥ ይላወሳል፤ በአንድ በኩል ሲተኛ ክፍተቱ ይሰፋና አይነካም፣ በሌላው ሲተኛ ይነካል። ፍጥነት ሲጨምር የሚጠፋው በከፊል በነፋሱ ስለሚሸፈን፣ በከፊል ደግሞ ላባው የሚገፋው አየር ራሱን ፋኑን ወደ አንድ ወገን ስለሚይዘው ነው። ይሄ ከፋብሪካ የመጣ የፋን ጉድለት ነው። የትኛውም ሴቲንግ፣ የትኛውም አፕዴት አይነካውም። ሽውታው እንደረገበልሽ ፋኑ አሁን በዝግታ ስለሚዞር እንዲያውም መጫሩን አብልጠሽ ትሰሚዋለሽ።

ባዮሱን አሁን አትጫኚ። ላፕቶፑ ሊሄድ ነው፣ የሚመጣልሽ ላይ ትጭኚያለሽ። ያኔ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ባትሪው ከግማሽ በላይ ሆኖ፤ በመሐል ስክሪኑ ጠቁሮ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ቢያጓራ አትደንግጪ፣ የፋኑ ተቆጣጣሪ ራሱ እየተጻፈ ስለሆነ ነው። በምንም ዓይነት አታጥፊው።

ስትመልሺ አጻጻፉ ወሳኝ ነው። "ፋኑ ይጮሃል" ብለሽ ከላክሽ፣ ከፍተው 5 ደቂቃ ሽውታውን ሰምተው "ጤነኛ ነው" ብለው ይመልሱልሻል፤ ስለ ሽውታው እውነታቸውን ነው። የሚቀየርልሽም ሽው ማለቱ አይቀርም፣ ያው ፕሮሰሰር ያው ፋን ነውና። ቅሬታሽ ስለ መነካካቱ ብቻ ይሁን።

ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ስልኩን ከኪቦርዱ 20 ሳንቲሜትር አርቀሽ አንድ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ቅጂ። መጀመሪያ ኤችደብልዩ ኢንፎ ላይ የፋኑ ዙር እየታየ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይጫር፣ ቀጥሎ በግራ አዘንብዪው ይጥፋ፣ በቀኝ አዘንብዪው ይባስ፣ መጨረሻ ላይ እስኪቆም ጠብቂና "ትክ... ትክ" የሚለውን ያዢ። ከ40 ሰከንድ አይበልጥም። ሌላ አጭር ቪዲዮ ደግሞ ባዮስ ውስጥ። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ "ፋኑ በዝቅተኛ ፍጥነት ይነካካል፤ ድምፁ ከዙሩ ጋር ይሄዳል፣ በአቋም ይለወጣል፣ ባዮስ ውስጥም አለ፤ ፋኑ እንዲጠገን ሳይሆን ዕቃው እንዲቀየር እጠይቃለሁ።" 14 ቀኑ እስካላለቀ ጥገና አትቀበዪ፤ ጥገና ላይ እያለ ቀኑ ሊያልቅብሽ ይችላል።

ከመላክሽ በፊት ፋይሎችሽን ገልብጪ፣ ከሴቲንግስ ውስጥ "ሪሴት ዚስ ፒሲ" ብለሽ "ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ" የሚለውን ምረጪ። የመለያ ቁጥሩን ከሥሩ ፎቶ አንሺው፤ የሚመለስልሽ ሌላ ቁጥር ያለው መሆኑን የምታረጋግጪው በእሱ ነው።


ጸጥታ_ፈላጊዋ፦

ቪዲዮዎቹን ቀረጽኩ፣ የግራው ላይ ልዩነቱ በስልክ እንኳ በደንብ ይሰማል። ነገ እልከዋለሁ። አዲሱ ሲመጣ መጀመሪያ ምኑን ልፈትሽ?


ካቻቢቴ፦

ዊንዶውስ ሳይዋቀር፣ ገና ቋንቋ ምረጪ የሚለው ገጽ ላይ እያለ፣ ፋኑ መጀመሩን ጠብቂና ግራና ቀኝ አዘንብዪው።